ከአተላው የተገኘው መድኃኒት

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ማርች 27 ቀን 1944 ቤተስዳ በሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሲመረመሩ የደም ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርማሪው የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን የፕሬዚዳንቱ ልብ እየደከመ መምጣቱን አይቶ ዲጂታሊስ የተባለ የልብ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ እንዲያርፉም መከራቸው። ዓለም በጦርነት ስትነድ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት «ይረፉ» የሚለው ምክር ምን ያህል እንደሚያዋጣ አንባቢ ይፍረድ። ግፊቱን ራሱን የሚያወርድ መድኃኒት ግን በብሩን እጅ አልነበረም። አፕሪል 12 ቀን 1945 ሩዝቬልት ራሳቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው ተናግረው ወንበራቸው ላይ ተዝለፈለፉ። ሐኪሙ ደርሶ ሲለካ ግፊቱ ከ300 በ190 አልፏል። ከሰዓት በኋላ አረፉ፤ 63 ዓመታቸው ነበር።

ለነገሩ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሌሎች አማራጮች አንጻር የብሩን ምክር ለዘብ ያለ ነበር። ግፊቱ ለጠናበት ሰው ቀዶ ሐኪሞች በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚወርዱትን ነርቮች ቆርጠው ያወጡለት ነበር። በሰሜን ካሮላይና ዋልተር ኬምፕነር የተባለ ሐኪም ደግሞ በሽተኞቹን ሩዝና ፍራፍሬ ብቻ ይመግብ ነበር፤ ጨው የሚባል ነገር በማዕዱ አይቀርብም። ሁለቱም መንገዶች ግፊት ያወርዳሉ። ሆኖም ነርቩ የተቆረጠበት ሰው ብድግ ባለ ቁጥር ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ሩዙን ደግሞ ለወራት የሚችለው ብርቱ ሰው ብቻ ነው። የነርቭ ቆረጣውን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሩዝቬልት ሲሞቱ ህንድ ውስጥ «ሰርፒና» የሚባል ክኒን በየመድኃኒት መደብሩ ከተሸጠ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ክኒኑ በኬሚስትሪ የተጣራ ነገር አልነበረም፤ የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተፈጭቶ የተጠፈጠፈበት ነው። ክኒኑን የሚሠራው ሂማላያ ኩባንያ እስከ ዛሬ የሚያወራው ታሪክ አለው፤ መሥራቹ በርማ ውስጥ የተቆጡ ዝሆኖች ሥሩን በልተው ሲረጋጉ አየ ይላል። ለገበያ የሚመች ታሪክ ነው፣ እንዳለ መቀበል አይጠበቅብንም። ዝሆኖቹ ባይኖሩም የሥሩ ዝና ራሱን ችሎ ይቆማል።

ተክሉ ከወገብ እምብዛም የማያልፍ፣ አበባው በነጭና በሐምራዊ መካከል ያለ፣ ሥሩ እጅግ የሚመር ነው። በሳንስክሪት ሰርፓጋንዳ ይባላል። የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ሐኪሞች ለእባብ ንክሻ፣ ለትኩሳትና ለእንቅልፍ እጦት ይሰጡታል፤ በቢሃር ገጠር ደግሞ የእብደት መድኃኒት በመባል ይታወቃል። አውሮፓውያን የሰጡት ሳይንሳዊ ስም ራውቮልፊያ ሰርፔንቲና ነው። ስሙ የተወሰደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ባግዳድ ድረስ ተጉዞ ዕፅዋት ከሰበሰበው የአውግስቡርግ ሐኪም ከሌዎንሃርት ራውቮልፍ ሲሆን፣ ሰውየው ህንድን ረግጧት አያውቅም።

በዘመናዊው ሳይንስ በኩል ነገሩ የተጀመረው በ1931 ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በሁለት ከተሞች፣ በሁለት የተለያዩ መንገዶች። በካልካታ ጋናናት ሴንና ካርቲክ ቻንድራ ቦዝ የተባሉ ሐኪሞች የሥሩን ዱቄት ለበሽተኞች ሰጥተው ያዩትን በህንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። የጽሑፋቸው ርዕስ ይህን ተክል ለእብደትና ለከፍተኛ የደም ግፊት የሚሆን አዲስ የህንድ መድኃኒት ይለዋል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናነበው ርዕሱ ብቻውን የሚቀጥሉትን የሠላሳ ዓመታት ግኝቶች የያዘ ነበር። ግን ከህንድ ውጭ ማን አነበበው?

ሁለተኛው መንገድ በዴልሂ ነው። ሳሊሙዛማን ሲዲቂ ፍራንክፈርት ተምሮ የተመለሰ ወጣት ኬሚስት ነበር። ወደ ዴልሂ የጠሩት በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት የባህል ሐኪም አጅማል ኻን ናቸው። የእሳቸው ምኞት የአባቶቻቸው መድኃኒቶች በላቦራቶሪ እንዲፈተሹ ነበር፤ ዳሩ ግን ፍሬውን ሳያዩ በ1927 አረፉ። ሲዲቂ ከባልደረባው ከራፋት ጋር ሆኖ የሰርፓጋንዳን ሥር በአልኮል ዘፈዘፈ፣ አጣራ፣ ለየ። በ1931 አምስት ንጹሕ ንጥረ ነገሮችን በክሪስታል መልክ እንዳገኘ አስታወቀ፤ አንደኛውንም በባለውለታው ስም አጅማሊን ብሎ ሰየመው። አጅማሊን እስከ ዛሬ ድረስ ብሩጋዳ የተባለውን የልብ ምት ሕመም ለመለየት የልብ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ክሪስታሎቹ በእንስሳት ላይ ሲሞከሩ አንዱ በልብ ላይ፣ ሌላው በደም ሥር ላይ ይሠራል። ሰው ሥሩን ሲወስድ የሚታየውን ያንን ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ቀስ ብሎም የሚሄድ መረጋጋት ግን አንዳቸውም አያመጡትም። ታዲያ የሥሩ ጉልበት የት ገባ? በካልካታ የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የራም ናት ቾፕራ ባልደረቦች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ዓመታት ቆዩ። በ1940ዎቹ አንድ የማይጠበቅ ነገር አስተዋሉ፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ክሪስታሉ ሳይሆን ክሪስታሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ ጠቆር ያለውና የሚለጠፈው ሙጫማ ዝቃጭ ነበር። ኬሚስት የሚወደው የሚያንጸባርቀውን፣ ሚዛን ላይ የሚቀመጠውን፣ የመቅለጫ ሙቀቱ የሚለካውን ነው። እናም ለሃያ ዓመት ያህል ጠላው እየተቀዳ አተላው ሲደፋ፣ መድኃኒቱ ከአተላው ጋር ሲደፋ ኖሯል።

የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስቶም ጃል ቫኪል ስለ ዝቃጩም ስለ ክሪስታሉም ብዙ አልተጨነቀም። እሱ የሚያክማቸው ሰዎች ነበሩት፣ በገበያ ላይም ክኒን ነበረ። ሃምሳ የደም ግፊት ሕሙማንን መርጦ ክኒኑን ሰጣቸው፤ ከመጀመራቸው በፊት፣ ሲወስዱ፣ ካቆሙ በኋላም ግፊታቸውን እየለካ መዘገበ። የአብዛኞቹ ግፊት ወረደ። ውጤቱን በ1949 የላከው ለብሪቲሽ ሃርት ጆርናል ነው። እኔ በግሌ የዚህን ታሪክ ዋና ማዞሪያ የማየው እዚህ ላይ ነው። የሴንና የቦዝ ጽሑፍ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ዋናውን ነገር ተናግሯል፤ ልዩነቱ ቫኪል ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ደርድሮ ለንደን በሚነበብ መጽሔት ማውጣቱ ነው። እውቀት በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል።

ጽሑፉ ቦስተን ደረሰ። ሮበርት ዊልኪንስ የተባለ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም አንብቦ ክኒኑን ከህንድ አስመጣ። ለሕመምተኞቹ ሲሰጥ ያየው ነገር ለእሱም እንግዳ ነበር። ግፊቱ በመጀመሪያው ቀን አይወርድም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የልብ ምት ዝግ ይላል። ሕመምተኞቹ ይረጋጋሉ፤ ግን እንደ እንቅልፍ መድኃኒት አያደነዝዛቸውም። ካቆሙት በኋላም ውጤቱ ወዲያው አይጠፋም። ዊልኪንስ በ1952 ይህን ሲያስታውቅ ሥሩ ከእስያ ወጥቶ የዓለም ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ዓመት የስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ የባዝል ላቦራቶሪ አተላውን ያዘ። ዮሃነስ ሙለርና ኤሚል ሽሊትለር በኬሚስትሪው፣ ሁጎ ባይን በእንስሳት ሙከራው ተሰልፈው፣ ሌሎች የጣሉትን ሙጫማ ክፍል ደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት። በእያንዳንዱ እርከን ባይን ቁራጩን በእንስሳ ላይ ይሞክራል፤ የሚያረጋጋውን ያስቀራሉ፣ የማያረጋጋውን ይተዋሉ። የክሪስታል ውበት መመዘኛ መሆኑ እዚህ ላይ አበቃ፤ መንገድ የሚመራው የእንስሳው ሁኔታ ሆነ። በመጨረሻ የቀረውን ንጹሕ ነገር ሬዘርፒን አሉት። የሚሊግራም ሩብ ታህል ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ትበቃለች። ኩባንያው ሰርፓሲል በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ በ1956 ደግሞ የሃርቫርዱ ሮበርት ውድዋርድ ያለ ተክሉ፣ ከተራ ኬሚካሎች ተነስቶ ሠራው።

መድኃኒቱ ተገኘ። እንዴት እንደሚሠራ ግን ባዝልም ቦስተንም የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ለመረዳት የደም ሥርን ግድግዳ መመልከት ያሻል። ከልብ ደም የሚቀበሉት ቧንቧዎች፣ በተለይ ቀጫጭኖቹ፣ ዙሪያቸውን በጡንቻ የተጠመጠሙ ናቸው። ጡንቻው ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። የጥበቱ ነገር ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ደም ለማለፍ የሚገጥመው እንቢታ 16 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጥቂት መላላት ብዙ ግፊት የሚያወርደው። ጡንቻውን «ጨብጥ» የሚሉት ደግሞ ከአከርካሪ ዳር የሚመጡት ነርቮች ናቸው፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ይቆርጧቸው የነበሩት እነዚያው። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1946 እንዳሳየው፣ ነርቮቹ ትእዛዛቸውን የሚያስተላልፉት ኖርአድሬናሊን የተባለ ኬሚካል በመርጨት ነው። ኬሚካሉ በነርቩ ጫፍ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል።

በ1955 በቤተስዳ፣ ሩዝቬልት ከተመረመሩበት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ አልፍሬድ ፕሌቸር፣ ፓርክሁርስት ሾርና በርናርድ ብሮዲ ሬዘርፒን የተሰጣቸውን እንስሳት አንጎል መረመሩ። ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ከአንጎላቸው ተሟጦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ኖርአድሬናሊንም እንደዚያው እንደሚሟጠጥ አገኙ፤ ከአንጎል ብቻ ሳይሆን ከልብም ጭምር። ኋላ እንደተረጋገጠው ሬዘርፒን የሚዘጋው ኬሚካሉን ወደ ከረጢቶቹ የሚያስገባውን በር ነው። ከረጢቱ ውስጥ መግባት ያልቻለው ኖርአድሬናሊን ውጭ ቀርቶ በኢንዛይም ይበላል። ነርቩ አልተቆረጠም፣ ትእዛዙም ከላይ ይመጣል፤ የሚረጨው ነገር ግን የለውም። ጡንቻው ትእዛዝ ሲያጣ ይላላል፣ ቧንቧው ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የቢሃር ሥር ቀዶ ሐኪሙ በቢላ ይሠራ የነበረውን ያለ ቢላ ሠራው ማለት ነው።

ዊልኪንስን ያስገረመው ዝግታም መልስ አገኘ። ከረጢቶች በአንድ ሌሊት አይራቆቱም፤ አንዴ ከተራቆቱ ደግሞ አዳዲሶቹ ተሠርተው እስኪሞሉ ሳምንታት ይወስዳል።

መንገዱ ሲታወቅ ጉዳቱም ታወቀ። ያው በር ያለው በደም ሥር ነርቭ ብቻ ሳይሆን በአንጎልም ነው። በ1950ዎቹ ብዙ መጠን ከወሰዱት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በከባድ ድባቴ ተያዙ፤ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩም እንደነበሩ ሐኪሞች ጻፉ። ሥሩ ለእብደትም ለግፊትም ይሰጥ የነበረው በአንድ ምክንያት ነበር፤ ድባቴውም ከዚያው ምንጭ ይቀዳል። አርቪድ ካርልሰን በ1957 በሬዘርፒን የፈዘዙ ጥንቸሎችን ኤል-ዶፓ ሰጥቶ ሲያነቃቸው፣ ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ሕክምና በር ተከፈተ፤ ለእሱም በ2000 የኖቤል ሽልማት መጣለት። ስለ ግፊት የተጀመረ ጥናት የት ሄዶ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ ዕድሜ ያረዝማል? ዛሬ ጥያቄው ራሱ ያስቃል፤ በ1960ዎቹ ግን ያክሙ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ግፊቱ ለሰውነት ያስፈልገዋል ብለው ይከራከሩ ነበር። ኤድዋርድ ፍሪስ የመራው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት በ1967 ክርክሩን ዘጋው። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ ግማሾቹ ሬዘርፒን ያለበት የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር ወሰዱ። መድኃኒት ካላገኙት መካከል 27ቱ ለከባድ አደጋ ሲዳረጉ፣ ካገኙት መካከል ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የግፊት ክኒን የሚታዘዘው በዚህ ውጤት ላይ ቆመን ነው፤ ከቅንብሩ ውስጥ ደግሞ ያ የተደፋው አተላ አለበት።

ሬዘርፒን ራሱ አሁን ብዙም አይታዘዝም። የተሻሉ፣ አንጎልን የማይነኩ መድኃኒቶች መጡ። በ1974 የጡት ካንሰር ያመጣል የሚል ጥናት ወጥቶ ስሙን አጠፋው፤ ተከታይ ጥናቶች ውንጀላውን ባያጸኑትም ስሙ አልተመለሰም። ተክሉም ከሥሩ እየተነቀለ በመመናመኑ ከ1990 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር አለበት።

በሰርፓጋንዳ ሠላሳ ዓመት የፈጀው «በየት በኩል ነው የሚሠራው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ የሚጠየቀው ገና ከመነሻው ነው። ለዚህ ያበቃው ሌላ አጋጣሚ ነው። የብሩክሊኑ ሮበርት ፈርችጎት ለዓመታት የጥንቸል ደም ሥር ቁራጭ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሰቅሎ ሲያጠና፣ አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል የደም ሥሩን ያኮማትረዋል ብሎ ያምን ነበር። በ1978 ረዳቱ የሙከራውን ቅደም ተከተል ሳተና ቁራጩ በተቃራኒው ላላ። ፈርችጎት ስህተቱን ከመጣል ይልቅ ተከተለው። ነገሩ በአዘገጃጀቱ ላይ ሆነ፤ ቁራጩ ሲቆረጥ የውስጠኛው ስስ ሽፋን ከተፋቀ አይላላም፣ ሽፋኑ ከተረፈ ግን ይላላል። ሽፋኑ ጡንቻውን የሚያላላ አንዳች ነገር ያመነጫል ማለት ነው። ኋላ ነገሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ በ1998 ፈርችጎት ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቅጠል ለግፊት ይሆናል ሲባል ተመራማሪው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። የእንስሳ ደም ሥር ቀለበት ቆርጦ ይሰቅላል፣ በኬሚካል ያኮማትረዋል፣ ከዚያ የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ያደርግበታል። ሽፋኑ ሲፋቅ ቀለበቱ መላላቱን ካቆመ የቅጠሉ መንገድ በናይትሪክ ኦክሳይድ በኩል ነው። ሽፋኑ ኖረም አልኖረም፣ በፖታሲየም የተኮማተረውን የሚያላላ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ካልሲየም ይዞራል፤ ፖታሲየም ጡንቻን የሚያኮማትረው ካልሲየም የሚገባባቸውን በሮች በመክፈት ነውና።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእኛን ዕፅዋት በዚሁ መንገድ ፈትሸዋል። የዶቅማ ቅጠል በ2010፣ የሽፈራው ቅጠልና የድግጣ ፍሬ በ2016 በታተሙ ጥናቶች የደም ሥርን እንደሚያላሉ ታይቷል። ከሁሉም እኔን የሚስበኝ ድግጣ ነው። አርሶ አደሩ ቅማልና መዥገር የሚገድልበት፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ዓሣ ለማደንዘዝ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ተክል ነው። ፍሬው በአልኮል ተዘፍዝፎ በወጣው ንጥረ ነገር የአይጦችን ግፊት አውርዷል፤ መንገዱም የካልሲየምን ሥራ በመከልከል በኩል ነው ተብሏል። አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚውጥ ሰው ክኒኑ የሚሄድበት መንገድም ይኸው ነው።

ስለዚህ የግፊት ክኒን እየወሰዱ ጎረቤት የመከረዎትን ፍሬ ወይም ቅጠል አፍልተው የሚጠጡ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ በር ተገናኝተው ግፊትዎን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ቅጠሉን አያቃልሉት፤ አንዱ ሥር የዓለምን የግፊት ሕክምና ቀይሯል። ክኒኑንም በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የሚጠጡትን ተክል በስሙ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ካላወቀው ቅጠሉን ይዘውለት ይሂዱ።